ከሌባ ጣት እስከ ቼክ፦ ሜዲካል ቢሊንግና ኮዲንግ መጀመር ለምትፈልጉ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት እናት ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ትከትፋለች። ቢላው ያመልጣትና የግራ ሌባ ጣቷን ይቆርጣታል። ደሙ አልቆም ሲል ጣቷን በፎጣ ጠቅልላ ቅርቧ ወዳለ አርጀንት ኬር፣ ማለትም ያለ ቀጠሮ ወደሚገባበት ክሊኒክ ትሄዳለች። ሐኪሙ ቁስሉን ያጥባል፣ ያደነዝዛል፣ ይሰፋል። የቴታነስ ክትባትም ትወጋለች። ከሰዓት በኋላ ቤቷ ናት፣ ወጡም ተሠርቷል።

ለእሷ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ። ለእኛ ግን ገና መጀመሩ ነው። ሐኪሙ የጻፈው ግማሽ ገጽ ማስታወሻ መጀመሪያ ኮድ ይሆናል። ኮዱ ክሌም ይሆናል፣ ማለትም ለኢንሹራንስ የሚላክ የክፍያ ጥያቄ። ክሌሙ ደግሞ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ ቼክ ይሆናል። ሜዲካል ኮዲንግና ቢሊንግ የሚባለው ሥራ ይኸው መንገድ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ስለዚህ ሥራ ይጠይቁኛል። "እህቴ፣ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ነው አሉ። ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ብቻ ነው አይደል?" ይሉኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ጠያቂዎች ሌሊት ነርሲንግ ሆም የሚያድሩ፣ ወገባቸው የደከመ፣ ልጆቻቸውን በቀን ማየት የናፈቃቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በትክክል ልመልስ። ሥራው የመጻፍ ሥራ አይደለም፣ የማንበብ ሥራ ነው። ማንበብ የሚወድ፣ አንዲት ቃል ከነከነችው ሳያጣራ የማይተኛ ሰው ይሳካለታል።

ከኮዲንጉ እንጀምር። ኮደሩ የሐኪሙን ማስታወሻ አንብቦ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል። ታካሚዋ ምን ሆነች? ምንስ ተደረገላት?

የመጀመሪያው መልስ አይሲዲ 10 ሲኤም ከሚባለው መጽሐፍ ይወጣል። መነሻው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ነው። አሜሪካ ለራሷ አስፍታ ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ትሠራበታለች። ከ70 ሺህ በላይ ኮድ አለው። ከእሱ በፊት የነበረው አይሲዲ 9 ወደ 14 ሺህ ገደማ ነበር የያዘው። እንዲህ ያበዛው በሽታው በዝቶ አይደለም፤ ኮዱ ዝርዝር መናገር ስለጀመረ ነው። የሴትየዋን ጣት እንየው፦ ኤስ61.211ኤ። ኤስ ጉዳት መሆኑን ይናገራል። 61 የእጅ አንጓ፣ የእጅና የጣት ክፍት ቁስል ነው። ቀጥሎ ያሉት 21 ቁስሉ ውስጥ ባዕድ ነገር እንዳልቀረና ጥፍሩ እንዳልተነካ ይነግሩናል። የመጨረሻዋ 1 የግራ ሌባ ጣት ናት። በ1 ፋንታ 0 ብትጽፉ ቁስሉ ወደ ቀኝ እጅ ይዛወራል። መጨረሻ ላይ ያለችው ኤ ደግሞ ቁስሉ አሁን በመታከም ላይ መሆኑን ትናገራለች።

ቢላውም የራሱ ኮድ አለው፦ ደብሊው26.0ኤክስኤክስኤ። ሁለቱ ኤክሶች ቦታ ጠባቂዎች ናቸው። ያቺ የመጨረሻ ፊደል የግድ ሰባተኛ ቦታ ላይ መቀመጥ ስላለባት ክፍተቱን ይሞላሉ። አደጋው አፓርታማ ኩሽና ውስጥ መድረሱን የሚናገር ኮድም አለ፣ ምግብ በማዘጋጀት ላይ እንደነበረች የሚናገርም አለ። እነዚህን ሁሉም ቦታ የግድ አይሉም፤ ከፋዩ ወይም ስቴቱ ካልጠየቀ ብዙ ክሊኒክ አይጠቀምባቸውም። እኔ ግን ጀማሪ ሳለሁ መዝገቡ የሰውን ኑሮ እዚህ ድረስ ተከትሎ መሄዱ በጣም ነበር የገረመኝ።

ምን ተደረገላት የሚለውን የሚመልሰው ሲፒቲ ነው። ባለቤቱ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ነው፣ መጀመሪያ የወጣው በ1966 ነው፣ ኮዶቹ ባለ አምስት አኃዝ ናቸው። ቀላል ስፌት ለሆነ የእጅ ቁስል፣ ቁስሉ እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 12001 ነው። ከ2.6 እስከ 7.5 ከሆነ 12002 ይሆናል። ሐኪሙ "3 ሴንቲ ሜትር" ብሎ ከጻፈ ነገሩ አለቀ፣ 12002 ነው። ርዝመቱን ካልጻፈስ? ኮደሩ መገመት አይችልም። "ይኼን ያህል ከተሰፋማ ረጅም መሆን አለበት" ብሎ ነገር የለም። ወደ ሐኪሙ ተመልሶ በጽሑፍ ይጠይቃል። በእኛ ሙያ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ክትባቱ ለብቻው ይቆጠራል። ለመድኃኒቱ አንድ ኮድ፣ ለመውጋቱ ሌላ ኮድ ይሰጣል። ቀጥሎ ጀማሪን ሁሉ የሚያደናግረው ጥያቄ ይመጣል። ሐኪሙ ስላያት የምርመራ ክፍያም ይጨመር? ለቁስሉ ብቻ ከመጣች አይጨመርም። ቁስሉን አይቶ "ይሰፋ" ማለቱ ራሱ የስፌቱ ክፍያ ውስጥ አለ። ግን ግፊቷን ሲለካ ከፍ ብሎ አገኘውና ቁጭ ብሎ ስለ መድኃኒቷ አነጋገራት፣ መጠኑንም ቀየረላት እንበል። ያ ሌላ ሥራ ነው። ያኔ የግፊቱ ኮድ አይ10 ይገባል፣ የምርመራው ኮድ ለምሳሌ 99213 ይጨመራል፣ ከኋላው 25 የምትባል ሞዲፋየር፣ ማለትም ኮዱን የምታብራራ ቅጥያ ትለጠፋለች። ትርጉሟ "ይህ ከስፌቱ የተለየ፣ ለብቻው የቆመ ሥራ ነው" ማለት ነው። ያለቦታዋ ከተለጠፈች ኦዲተር ይመጣል። በቦታዋ ካልተለጠፈች ደግሞ ሐኪሙ የደከመበትን አያገኝም።

ለአምቡላንስ፣ ለክራንች፣ ለአንዳንድ መርፌዎች "ሂክፒክስ" የሚባል ሦስተኛ መጽሐፍ አለ። ሆስፒታል ተኝቶ ለሚታከም ሰው የሚደረግ ኦፕሬሽን ደግሞ አይሲዲ 10 ፒሲኤስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ይመዘገባል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ከክሊኒኩ በኩል ስለሚጀምር አሁን ያ አያስጨንቃችሁ።

ወደ ቢሊንግ እንሻገር። ኮደሩ ተረኩን ከጨረሰ በኋላ ገንዘቡን የሚያሳድደው ቢለር ነው። ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ለየብቻ ክፍል አላቸው።

የሐኪም ክሌም ሲኤምኤስ 1500 በሚባል ፎርም ይሄዳል፣ የሆስፒታሉ ዩቢ 04 በሚባለው። ዛሬ ወረቀቱን የሚልክ ጥቂት ነው፤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ክሊሪንግሃውስ በሚባል መካከለኛ በኩል ያልፋል። ክሊሪንግሃውሱ እንደ ኬላ ነው። ስም፣ የልደት ቀን፣ የአባልነት ቁጥር፣ የጎደለ አኃዝ ይፈትሻል። አንዱ ካልገጠመ ክሌሙን ይመልሰዋል። ይህ "ሪጀክሽን" ይባላል፤ ኢንሹራንሱ ገና አላየውም፣ አስተካክሎ መላክ ነው። "ዲናያል" ግን ሌላ ነው። ኢንሹራንሱ አይቶ፣ መዝኖ "አልከፍልም" ያለበት ነው። ያኔ እንደ ምክንያቱ የተስተካከለ ክሌም ይላካል፣ ወይም ይግባኝ ይጻፋል። ሁለቱን አደባልቆ ዲናይ የተደረገውን እንደ አዲስ ደግሞ የሚልክ ሰው "ድግም ነው" ተብሎ ይመለስበታል። ቀኑም ይሄድበታል። በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬር ከአገልግሎቱ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ይሰጣል። ከግል ኢንሹራንሶች ግን 90 ቀን ብቻ የሚሉ አሉ።

ስለ ስማችንም እዚህ ላይ ላንሳ፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው ክሌም የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። እዚህ አገር ወረቀት ላይ አንዱ ጋ የአያት ስም "ላስት ኔም" ይሆናል፣ ሌላው ጋ የአባት። ገብረ መድኅን የሚባል ሰው አስቡ። ግሪን ካርዱ ላይ አንድ ቃል ነው። ኢንሹራንስ ካርዱ ላይ ለሁለት ተከፍሎ "መድኅን" የመካከለኛ ስም ሆኗል። ክሊኒኩ ውስጥ ፊት ዴስክ ያለችው ልጅ ደግሞ በአፉ እንደነገራት ጽፋዋለች። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። የልደት ቀኑም ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲመለስ ተሳስቶ፣ ወይም በደፈናው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይሆናል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ አባት ክሌም ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። ኮዱን ደጋግሜ አየሁት፣ ልክ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ካርዱ ላይ ያለውን ሳይሆን እኔ ትክክል ነው ብዬ የማውቀውን የስማቸውን አጻጻፍ ነበር የጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ የማንንም ስም ከካርዱ ፊደል በፊደል ነው የምገለብጠው። ፊት ዴስክ የምትሠሩ እህት ወንድሞች ካላችሁ፣ የቢሊንግ ግማሹ እናንተ ጋ ነው የሚያልቀው።

ክሌሙ ሲያልፍ ኢንሹራንሱ መልስ ይልካል። በምሳሌ ልንገራችሁ። ክሊኒኩ 400 ዶላር ጠየቀ እንበል። ከኢንሹራንሱ ጋር ያለው ውል የሚፈቅደው 250 ብቻ ነው። ትርፉ 150 "ሲኦ 45" የሚል ምልክት ይዞ ይመለሳል። ያ ገንዘብ ይሰረዛል፣ ታካሚዋ አትጠየቅም። ከ250ው ውስጥ 30 ዶላሩ ኮፔይ፣ ማለትም ታካሚዋ ራሷ የምትከፍለው ድርሻ ከሆነ "ፒአር 3" ተብሎ በእሷ በኩል ይቀመጣል። ቀሪውን 220 ኢንሹራንሱ ይከፍላል። ሲኦ ከሆነ ክሊኒኩ ይችለዋል፣ ፒአር ከሆነ ታካሚው ይከፍላል። ሌላ ምንም ባታስታውሱ ይህችን ያዙ። ይኸው ዝርዝር ለታካሚዋም በፖስታ ይደርሳታል፤ ኢኦቢ የሚሉት ነው። ላዩ ላይ "ይህ ቢል አይደለም" ተብሎ ተጽፏል። ብዙ እናቶቻችን ግን 400 የሚለውን ቁጥር አይተው እንቅልፍ ያጣሉ። ሥራውን ከተማራችሁ በኋላ ሰፈራችሁ ውስጥ መጀመሪያ የምትጠቅሙት እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ነገር ከወዲሁ ልታውቁ ይገባል። አንደኛው ምስጢር ነው። ሂፓ የሚባለው ሕግ በ1996 ወጥቷል፤ ለሥራችሁ የማያስፈልጋችሁን የታካሚ መዝገብ እንዳትከፍቱ ይከለክላል። እኛ ደግሞ የምንተዋወቅ ሕዝብ ነን። አንድ ቀን የክርስትና እናታችሁ ስም፣ ወይም ዕድራችሁ ውስጥ ያለ ሰው ስም ስክሪናችሁ ላይ ይመጣል። ሥራው የእናንተ ካልሆነ አትከፍቱትም። የእናንተ ከሆነም ያነበባችሁት እዚያው ይቀራል። "አሟት ነበር እንዴ?" ተብላችሁ ብትጠየቁ እንኳ ፊታችሁ መልስ እንዳይሰጥ ነው።

ሁለተኛው ታማኝነት ነው። የተጻፈውን እንጂ የሚያስከፍለውን ኮድ አትመርጡም። አለቃ "ይህቺን ከፍ አድርጊያት" ሊል ይችላል። ለመንግሥት ሐሰተኛ የክፍያ ጥያቄ ማቅረብን የሚከለክለው ሕግ ከ1863 ጀምሮ አለ። በሊንከን ዘመን ለጦሩ አጭበርብረው ዕቃ በሚሸጡ ነጋዴዎች ምክንያት ነበር የወጣው። ዛሬ ሜዲኬርና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሆነው በሜዲኬይድ ላይ ይሠራል፣ የጉዳቱን ሦስት እጥፍና ተጨማሪ ቅጣት ያስከፍላል። "ታዝዤ ነው" የሚለው መልስ ብዙ አያድንም።

አሁን ወደ መግቢያው በር። ነርሲንግ፣ ጤና መኮንንነት፣ ላብራቶሪ ወይም ፋርማሲ አገር ቤት የተማራችሁ ካላችሁ፣ ከሌላው ብዙ ቀድማችኋል። ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ ነበር፣ የሐኪም ጽሑፍ አዲስ አይሆንባችሁም። ያልተማራችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ግን ከኮድ አትጀምሩ። ከሕክምና ቃላትና ከሰውነት ክፍሎች ጀምሩ። ቃላቱ የሚገጣጠሙ ናቸው። "ኮሌሲስት" የሐሞት ከረጢት ነው። መጨረሻው ላይ "አይቲስ" ከመጣ ተቆጥቷል ማለት ነው። "ኤክቶሚ" ከመጣ ወጥቷል። እንዲህ እንዲህ ተብሎ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ብዙ ቃል ይፈታላችኋል።

ፈቃድ የሚሰጥ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የለም። ቀጣሪዎች የሚያዩት የሙያ ማኅበራት የሚሰጡትን የምስክር ወረቀት ነው። ለክሊኒክ በኩል በሰፊው የሚታወቀው ኤኤፒሲ የሚባለው ማኅበር የሚሰጠው ሲፒሲ ነው፤ ለቢሊንግ ደግሞ ሲፒቢ አለው። ሌላው ማኅበር አሂማ ይባላል። ለጀማሪ ሲሲኤ፣ ለሆስፒታል ኮዲንግ ሲሲኤስ ይሰጣል። ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ግባችሁ ከሆነ ወደ አሂማ አዘንብሉ።

የሲፒሲ ፈተና 100 ጥያቄ፣ 4 ሰዓት፣ ማለፊያው 70 በመቶ ነው። መጽሐፎቹን ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ቀላል ይመስላቸዋል። ለአንድ ጥያቄ የሚደርሳችሁ ግን 2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ነው። መጽሐፉን የት እንደምትገልጡ እጃችሁ ካላወቀ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ መጽሐፉ ላይ ገጽ መለያ ወረቀት ለጥፉበት፣ አስምሩበት፣ ጠርዙ ላይ በእጃችሁ ጻፉበት። ከሰው ያረጀ መጽሐፍ በርካሽ አትግዙ። አይሲዲ በየኦክቶበር 1፣ ሲፒቲ በየጃንዋሪ 1 ይታደሳል፤ ባለፈው ዓመት ልክ የነበረ ኮድ ዘንድሮ ተሰርዞ ይሆናል።

ያለ ልምድ ካለፋችሁ ከሲፒሲ አጠገብ አንዲት "ኤ" ትለጠፋለች፣ ተለማማጅ ለማለት ነው። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ስታቀርቡ ትነሳለች። የ80 ሰዓት የኮዲንግ ትምህርት ማስረጃ ካላችሁ የአንዱን ዓመት ቦታ ይተካል። ብዙ ሰው የሚቆስለው እዚህ ላይ ነው። ሠርተፊኬቱን ይዞ ቤት ቁጭ ብሎ "ከቤት የሚሠራ" ማስታወቂያ ላይ ብቻ ያመለክታል፣ ማስታወቂያው ሁሉ ደግሞ ልምድ ይላል። እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ጊዜ ከቤት አይሆንም፣ ኮዲንግም ላይሆን ይችላል። ፊት ዴስክ፣ ኢንሹራንስ ማረጋገጥ፣ ክፍያ መመዝገብ፣ ዲናያል መከታተል፦ በእነዚህ ግቡ። የምትሠሩበት ነርሲንግ ሆም ወይም ሆስፒታል የቢሊንግ ክፍል አለው። ሥራ አስኪያጇን ሄዳችሁ አነጋግሯት። ከውጭ ከሚመጣ ማመልከቻ ይልቅ ከውስጥ የሚዛወር ሰው ቀድሞ ይታያል።

ደመወዙን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ "የሕክምና መዝገብ ባለሙያዎች" ብሎ ለሚመድባቸው በ2023 ያወጣው መካከለኛ ዓመታዊ ክፍያ 48,780 ዶላር ነው። ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። ጀማሪ ከታች ነው የሚጀምረው። "በስድስት ሳምንት ተምረህ ከሶፋህ ላይ 80 ሺህ" የሚላችሁ ካለ ሽሹ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በሜዲካል ቢሊንግ ስም ስለሚደረጉ የ"ከቤት ሥራ" ማጭበርበሮች ለዓመታት አስጠንቅቋል። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ክፍያው የዘመኑን መጽሐፎችና የፈተናውን ክፍያ ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። የማኅበረሰብ ኮሌጆችንም ሳታዩ አትፈርሙ። ሥራ ለመስጠት ብር የሚጠይቅ ቀጣሪ ደግሞ ቀጣሪ አይደለም።

ኮምፒውተር ይተካናል ወይ የሚለው ጥያቄም ተገቢ ነው። ማስታወሻውን አንብቦ ኮድ የሚጠቁም ሶፍትዌር ብዙ ቦታ ገብቷል። ብዙ ሥራ ወደ ሕንድና ፊሊፒንስም ይላካል። ቀላሉ፣ ተደጋጋሚው ሥራ እየቀነሰ እንደሚሄድ ይታየኛል። የሚቀረው ሶፍትዌሩ የጠቆመውን ማጣራት፣ ዲናያልን መሟገት፣ ኦዲት ማድረግ ነው። ስለዚህ ስትማሩ ኮዱን በቃል አትሸምድዱ፣ ለምን እንደሆነ የሚናገረውን መመሪያ አንብቡ። መመሪያው አይሲዲ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አለ። ብዙ ተማሪ ሳያነበው ያልፈዋል።

ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚያችው እናት ጣት ላሳያችሁ። ከአሥር ቀን በኋላ ክሩን ልታስወጣ ትመለሳለች። ጀማሪው ማውጫውን ይገልጥና ክር ለማስወጣት የመጣ ሰው የሚል ኮድ ያገኛል፦ ዚ48.02። ደስ ይለዋል፣ ይጽፈዋል። መመሪያው ግን ለጉዳት ክትትል እነዚህን የዚ ኮዶች አትጠቀሙ ይላል። ትክክለኛው ያው የቅዳሜው ኮድ ነው፣ የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ከኤ ወደ ዲ ትቀየራለች፤ ቁስሉ እየዳነ ነው ማለት ነው። ኤስ61.211ዲ።